የባዶ ወንበር ወዳጅ

በእንስሳት ክሊኒኩ ተራ መጠበቂያ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የመዝጋቢዋ ጆሮ ለምዶታል፤ የማን ውሻ የማንን ጫማ እንደበላ፣ የማን ድመት ቁምሳጥን ውስጥ እንደወለደች።

«የእኔ ጀግና፣ ሌባ ሲመጣ ከእኔ ቀድሞ አልጋ ሥር ይገባል» አለች ባለውሻዋ ፎቶውን እያሳየች። ሳቁ ሳይበርድ ጥግ ወደተቀመጠው ሰው ዞረች። «የእርስዎንስ አያሳዩንም እንዴ፣ ጋሼ?»

ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ክንዱ ላይ አሮጌ የሴት ሹራብ አጥፎ ይዟል። ድመቷን ሐኪሟ ወደ ውስጥ ወስዳለታለች። ስልኩን ቅርቡ ላለችው ለመዝጋቢዋ አቀበላት።

ፎቶዎቹ ሁሉ አንድ ናቸው፤ ድመቷ ከአንድ ባዶ ወንበር ፊት አገጯን ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን በደስታ ጨፍናለች። ከጉሮሮዋ ሥር ያለው ጸጉር በጣት እንደሚታከክ ጎድጉዷል። ጣት ግን የለም። መዝጋቢዋ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«እናቴ ናት» አላት፣ እንደ እንጉርጉሮ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ካረፈች ዓመት ሆናት። እኔ አላያትም፤ ድመቷ ግን ታያት ነበር። ይኸው ሦስት ቀን ወደ ወንበሩ ዞር ብላም አታይም። መቼም ታማ ነው እንጂ፣ እናቴስ ጥላኝ አትሄድም።»

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ድመቷን አቅፋ ፈገግ አለች።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ምንም የላትም። ፍጹም ጤነኛ ናት።»

ሰውዬው ድመቷን ለመቀበል እጁን አልዘረጋም።

«በእናትዎ፣ ዶክተር» አለ፣ «ትንሽ እንኳ ታማለች ይበሉኝ።»