ሸምሱ ለምን አለቀሰ

ከነቀምቴ ልወጣ ዋዜማውን ማታ ሸምሱ አቅፎኝ አለቀሰ። መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው። ሸምሱ ማለት ከጨርቅ ሱቄ ጎን የሚነግድ፣ በረንዳዬን ገፋህብኝ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ያኮረፈኝ ሰው ነው። ለሕክምና ልጁ ዘንድ ለሚሄድ ሰው እንዲህ ይለቀሳል? የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶብኝ መርፌ ስወጋ ቆይቻለሁ፤ በሽታው ጋብ ብሏል ነው የተባልኩት። እውነት ነው፣ በግራ ጡቴ ሥር ጠጠር የመሰለ እብጠት ወጥቶ ነበር። እሱን ግን ለማንም አልተነፈስኩም። ወንድ ልጅ ጡቴን አመመኝ ብሎ ለማን ያወራል?

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ከሸኚዎቼ ከፊሎቹ ጉቴ ከተማ ላይ ተመለሱ። ባለቤቴ አያንቱ ግን እስከ ቀጣዩ ከተማ፣ እስከ አኖ አብራኝ ተሳፈረች። እዚያ ስንሰነባበት አጥብቃ አላቀፈችኝም፤ በቀኝ ትከሻዬ በኩል ብቻ ጠጋ ብላ፣ እንደ እንቁላል ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። በጣም ቅር አለኝ። መሄዴ ደስ ያላት ሁሉ መሰለኝ።

እንግዲህ ጀርመን፣ ካሰል ከተማ፣ ልጄ ለሊሴ ዘንድ ገባሁ። የወለጋ ዝናብ ዘንቦ ይወጣለታል፤ የዚህኛው ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ይውላል። አንጮቴ ሲያምረኝ ድንች ይሰጡኛል፣ ቅቤያቸውም ሽታ የለው። ወዳጅ ቤት ለመሄድ እንኳ ተርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ ያስፈልጋል። የውጭ ዜጎች ቢሮው ሹም፣ “እስከ መቼ ነው የምትቆየው?” ብሎ አፋጠጠኝ።

“ሐኪሟ ናት የምታውቀው” አልኩት።

ሐኪሟን ስጠይቃት ደግሞ፣ “እሱን የሚያውቀው ቢሮው ነው” አለችኝ። ተመካክረውብኛል ብዬ ደመደምኩ።

እብጠቱን እሷው ነካክታ አገኘችውና ናሙና ወሰደች። ውጤቱ የሚነገርበት ቀን ለሊሴን የደም ምርመራ ነው ብዬ ኮሪደር ላይ ተውኳት፤ የእንዲህ ያለ ቦታ ወሬ ልጅ ፊት አይወራም። ሆስፒታሉ አንድ የአገር ልጅ አስተርጓሚ አቀረበልኝ። ሐኪሟ ረጅም ተናገረች። እሱ ጉሮሮውን ጠረገና፣ “አባቴ፣ ትንሽ እብጠት ናት እያለች ነው” አለኝ።

“ይህን ሁሉ አውርታ?”

“ጀርመንኛ ረዘም ይላል፣ አባቴ።”

“ስማ ልጄ፣ እኔ የነቀምቴ ነጋዴ ነኝ። በኦሮምኛ የተጠየቅኩትን ለአባቴ በጉራግኛ፣ ለደንበኛው በአማርኛ ስመልስ ነው ያደግኩት። ምን ያህል እንዳስቀረህ አይጠፋኝም።”

መሬት መሬት አየ። “በእኛ አገር ለታማሚው እንዲህ በአንዴ አይነገርም ብዬ እኮ ነው።”

“ንገረኝ።”

ነገረኝ። ከጡት የተነሳ ካንሰር አይደለም፤ የፕሮስቴቱ ነው እዚያ የደረሰው። እዚያ ድረስ መሄዱ እምብዛም አይታይም። በመድኃኒት ሊያዘገዩት ይሞክራሉ፤ አይነቅሉትም። ጡቴ ላይ ተቀምጦም ስሙ የፕሮስቴት ካንሰር ነው ሲለኝ፣ ካሰል ተቀምጬ የነቀምቴ ሰው የምባለው እኔ ትዝ አልኩኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ፈራሁ፤ አገሬን ሳላይ እዚሁ መቅረትን ፈራሁ።

ለሊሴን “ደሜ ደህና ነው” አልኳት። አያንቱንም እንዲሁ ልዋሻት ቆርጬ ደወልኩ።

“አከም ጅርተ፣ አባ ለሊሴ?”

“ደህና ነኝ። መርፌው ሠርቷል አሉኝ።”

“ጎፍታ ገለቶሚ፣ ጌታ ይመስገን” አለች ቶሎ ብላ። በጣም ቶሎ። “ሸምሱ ሰላም ብሎሃል። በረንዳህን ጠዋት ጠዋት እሱ ነው የሚጠርግልህ።”

“ሸምሱ?”

“አዎ።” ዶሮዎቿ ሲንጫጩ ይሰማኛል። “በል እሺ፣ በግራ ጎንህ እንዳትተኛ፤ ይጠዘጥዝሃል።”

ስለ እብጠቱም ስለ ግራ ጎኔም ትንፍሽ ብዬላት አላውቅም። አኖ ላይ በቀኝ በኩል ብቻ ያቀፈችኝ፣ ሸምሱም ያለቀሰው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

“እሺ” አልኳት። ማን ነገረሽ አላልኳትም፤ እሷም መቼ ትመጣለህ አላለችኝም።