ኮምፒውተሬን ያስጨነቅሁበት ከሰዓት

በዚያ ክረምት ኮምፒውተሬ ድንገት እየጠፋ አስቸገረኝ። ዲላ ውስጥ መብራት መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ ይኼ ግን ሌላ ነበር። አምፖሉ እንደበራ፣ የእናቴ ሬዲዮ እያወራ፣ የእኔ ዴስክቶፕ ብቻውን ጭጭ ይላል። ሥራዬ የቤት ዲዛይን ነው። መስመር ሳሰምር ምንም አይሆንም። ያለቀውን ቤት ከነጥላው፣ ከነመስታወቱ ምስል አድርጎ እንዲያወጣልኝ ሳዘው ግን ማራገቢያው ያጓራል፤ ከዚያ ጨለማ። አንድ የኮንጋ ቡና አቅራቢ የእንግዳ ማረፊያውን ምስል እየጠበቀ በየቀኑ ይደውልልኛል።

ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን እዚያው የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። ነገርኩት።

"ፕሮሰሰሩ እየጋለ ነው" አለ። "ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍበት ራሱን ለማዳን ማሽኑን ያጠፋል። ግን በግምት እንዳትፈቺው። መጀመሪያ በከባድ ሥራ አስጨንቀሽ ሙቀቱን ፈትሺ።"

የማስጨነቂያ ፕሮግራሞችን በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። እሱ የሚወደው ፕሮሰሰሩን ማለቂያ በሌለው ስሌት ወጥሮ ባንዴ ጣሪያ የሚያደርሰውን ነው። "ከዚህ የተረፈ ከምንም ይተርፋል" ይላል። ሌላኛው ሸክሙን ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ሙቀቱን በመስመር እየሳለ ያሳያል፤ የወሰንኩለት ልክ ላይ ሲደርስም ራሱ ያቆማል። ሁለተኛውን መረጥኩ።

"እሱ እኮ የፈሪ ነው" አለኝ እየሳቀ።

"ፈሪ ለእናቱ" አልኩት። ይኼ ማሽን ቢቃጠል ሌላ አልነበረኝም።

እሱ ወደ ማስተማሪያ ክፍሉ ሄደ፤ እኔ ፕሮግራሙን አስነሳሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የምንኖረው በአንድ ረድፍ ከተሠሩት አሮጌ የጭቃ ቤቶች በአንደኛው ውስጥ ነው። እናቴ ከወባ ገና እያገገመች፣ ከሥራ ክፍሌ ግድግዳ ጀርባ ተኝታለች። መስመሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ሸክሙን ጨመርኩ። አሁንም ቀጥ። ፕሮሰሰሩ ምንም አልሆነም። ደስ ብሎኝ ቀና አልኩ። አምፖሉ ቢጫ ሆኗል። ክፍሉ ውስጥም የላስቲክ ቃጠሎ የመሰለ ሽታ አለ። አፍንጫዬን ወደ ማሽኑ አስጠጋሁ፤ ከእሱ አይደለም።

"አንቺ ልጅ" አለች እናቴ ከወዲያ። "ትኩሳቱ ተመለሰብኝ መሰለኝ። ጀርባዬን ያቃጥለኛል።"

ኪኒንና ውኃ ይዤ ገባሁ። ግንባሯን ዳሰስኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። እጄን በጀርባዋና በግድግዳው መሃል ሰደድኩ፤ መዳፌን ለበለበኝ። የሚግለው ግድግዳው ነበር።

"እማዬ ተነሺ።"

"ምን ሆነ?"

"ምንም። ተነሺ ብቻ።"

ደግፌ በረንዳ ላይ አስቀመጥኳትና ወደ ቆጣሪው ሮጬ ዋናውን አጠፋሁ። ስመለስ ቤቱ ጨልሟል፤ መብራት የለም፤ ግድግዳው ግን ከውስጥ ይንጣጣል። ወደ ደጅ ወጣሁና ጮኽኩ። ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ዶማ ይዘው ደረሱ።

"ራቂ ልጄ፣ ራቂ!"

ጭቃው ሲናድ ማገሩ ውስጡ ፍም ሆኖ ታየ። አየር ሲያገኝ ተንቦገቦገ። "ያ አላህ!" አሉ፤ እኔ የዝናብ ውኃ ከሞላው በርሜል እየቀዳሁ ደፋሁበት። ያልጋው ራስጌ ጠቁሮ ነበር።

በማግስቱ የመጣው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከግድግዳው ቀጭን ሽቦ ጎትቶ አወጣ። መሃል ላይ ተቀጥሏል፤ ቅጥሉ የተጠቀለለው በፌስታል ነው። "ኮምፒውተርሽ ብዙ ኃይል በሳበ ቁጥር ይቺ ትግላለች" አለ። "ኃይሉ ሲወርድበት ደግሞ እሱ ይጠፋል። ፕሮሰሰርሽ ጤነኛ ነው።"

ለጓደኛዬ ነገርኩት። "የእኔን ፕሮግራም ጭነሽ ቢሆን ኃይሉን ባንዴ ስቦ ወዲያው ይጠፋ ነበር" አለኝ። "እኛም ግሎ ነው ብለን፣ ፕሮሰሰሩን ፈትተን የማቀዝቀዣ ቅባቱን ቀይረን፣ አበቃ እንል ነበር።" ግድግዳው በሌላ ቀን፣ እኔ በሌለሁበት፣ እናቴ እንቅልፍ ላይ ሳለች ይነድ ነበር ማለት ነው።

ግድግዳው እስኪሠራ እናቴን ቡሌ፣ እህቷ ዘንድ ወሰድኳት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የቤቶቹን ረድፍ ዞሮ አይቶ፣ "የሁሉንም ሽቦ የዘረጋው አንድ እጅ ነው" ብሎን ነበር። ነጋዴው በዚያው ሳምንት ግድግዳቸውን አስከፈቱ፤ የእሳቸውም ቅጥል ጠቁሮ ተገኘ። ዳር ያለውን ቤት አብረን አንኳኳን። ባለቤቱ ጡረተኛ ናቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡንና፣ "እስከ ዛሬ ምን ሆንኩ?" ብለው በሩን ዘጉት።

አሁንም ጠዋት ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ ከበረንዳቸው እጃቸውን ያነሱልኛል።

"አየሽ፣ ቤቴ እንደቆመ ነው!" ይሉኛል።

ሰላምታቸውን እመልሳለሁ። መሳቅ ግን አልችልም።