የእትዬ ሜትር ቀሚስ ጫፍ

የሰፈሩ ሰው እትዬ ሜትር ይላቸዋል፤ የልኬት ሜትራቸው ለሠላሳ ዓመት ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅማ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ባላቸው ይቆርጣሉ፣ እሳቸው ይሰፋሉ፤ ፀሐይ ከደጃፏ በምትመለስ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲነታረኩ ይውላሉ።

ንትርኩ የባሰው የእትዬ ሜትር ቀሚስ መሬት መጥረግ ሲጀምር ነው።

"አስረዝመህ ቆርጠህ ነው! እጅህ ከዳህ።"

"ኧረ ጨርቁ ነው። የዘንድሮ ጨርቅ ሲታጠብ ይለጠጣል።"

እንዲህ እየተባለ በየዓመቱ ባል ጫፉን አንድ ጣት ያህል ያጥፋሉ፣ እትዬ ሜትር ይሰፉታል። የአገር ሰው ቁመት የለኩት ሴትዮ የራሳቸውን መለካት አንድም ቀን ትዝ አላላቸውም።

አንድ ጠዋት ደፉ ላይ አዳለጣቸውና በቀኝ እጃቸው መሬቱን ተደገፉ። ሕፃን እንኳ የማያለቅስበት አወዳደቅ ነበር፤ የእጃቸው አንጓ ግን ተሰበረ። ሐኪም ቤት እስኪደርሱ ያስፈራቸው ሕመሙ አልነበረም። "ከእንግዲህ የስፌት መኪናዬን ላልነካ ነው?" እያሉ አለቀሱ።

ዶክተሯ እጃቸውን በጄሶ ካሰረች በኋላ ቁመታቸውን ጠየቀች።

"አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት" አሉ ባል ፈጠን ብለው። "የሰርጓን ቀሚስ የለካሁት እኔ ነኝ።"

ስትለካቸው አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት ሆኑ።

"ሜትርሽ ተበላሽቷል፣ ልጄ። እንኪ፣ በእኔው ለኪኝ!"

በእሳቸውም ያው ሆነ። ጨርቁ በነጻ ተለቀቀ።

"የአጥንት መሳሳት ነው፣ እማማ" አለች ዶክተሯ ምርመራውን ስትጨርስ። "የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንት ከውስጥ እየሳሳ ይሄዳል፤ ፀሐይ ማጣትና ቁጭ ብሎ መዋል ደግሞ ያባብሰዋል። ስለማያም ማንም አያውቀውም። የጀርባ አጥንት ሲሳሳ እየተጫነ ያጥራል፣ ቁመትም አብሮ ይቀንሳል። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ግን እንጠብቃለን።"

"ስፌቱስ?"

"እጅዎ ሲድን ይሰፋሉ። ግን ፀሐይ ላይ፣ በየመሃሉ እየተራመዱ።"

ባል በማግስቱ መኪናውን ደጃፍ ላይ አወጡት። መድኃኒቱ፣ ወተቱ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ ድልድዩ የእግር ጉዞው አንድም ቀን አልተዘለለም። ንትርኩማ መንገድ ለመንገድ ሆነ።

በዓመቱ፣ እንደ ልማዳቸው የቀሚሱን ጫፍ ሊያጥፉ ባል መርፌ ቁልፎቹን በከንፈራቸው ይዘው ተንበረከኩ። ጫፉ ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ አምና የተሰፋበት ቦታ ላይ ነው። አዩትና መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮ ሣጥናቸው መለሱ።

"የሚታጠፍ የለም" አሉ።

እትዬ ሜትር ሳቁ። "ታዲያ እዚያ ተንበርክከህ ልትውል ነው? ተነስ፣ የሰው ጨርቅ ይጠብቅሃል!" አሉና በዳነው እጃቸው ደግፈው አስነሷቸው።