ሙጫ የማይሻው ደንገል

ሐጂ መትወሊ ከካይሮ በስተሰሜን ባለ የዴልታ መንደር ሠላሳ ዓመት የሰበኩት ስብከት አንድ ነው፤ ደንገል ሙጫ አይሻም። አረንጓዴው ልጥ ይገፈፋል፣ ነጩ ውስጡ በስሱ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ በኋላ አንዱ ረድፍ በቁመት ሌላው በአግድም ተነጥፎ በከባድ ብረት ይጨመቃል። የገዛ ፈሳሹ ያያይዘዋል፤ ወረቀት ይሆናል። «አላህ ውስጡ ባስቀመጠው ላይ እኛ ምን እንጨምራለን?» ይሉ ነበር ለጎብኚው ሁሉ።

ወረቀቱን የሚገዛው ጎብኚ ሲቀር ልጆቻቸው የማሳው ደንገል ተነቅሎ ሩዝ ይዘራ አሉ። በመጨረሻ ተስማሙ፤ የጥንት ጽሑፍ የምትጠግነው ዶክተር ኒቪን ከካይሮ መጥታ ወረቀቱን ለጥገናዋ ከወደደችው ደንገሉ ይቆያል። እሷም አስቀድማ ምንም ያልተቀላቀለበት እንዲሆን አደራ ብላ ነበር።

ይሄኔ የሐጂ እምነት ተነቃነቀ። እጇ ላይ ቢላቀቅስ? ቀጭን የሩዝ ሙቅ በጥብጠው የደንገሉን ስንጣቂዎች በብሩሽ ሲቀቡ ሚስታቸው ራውያ ደረሰችባቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ አላህ ረስቶት ነው?»

«ለጥንቃቄ ነው። አንቺ ዝይዎችሽን ጠብቂ።»

ዶክተሯ መጣች። ወረቀቱን አድንቃ ጠርዙ ላይ አዮዲን ጠብ አደረገች። ቦታው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ።

«ሐጂ፣ ደንገል ብቻውን እንዲህ አይጠቁርም፤ አዮዲን የሚጠቁረው የእህል ዱቄት ሲያገኝ ነው። ምን ቀቡት?»

ልጆቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። ሐጂ ዋሽተው ማለፍ ይችሉ ነበር፤ ከጸሎት ገና መመለሳቸው አሳፈራቸው።

«ሩዝ» አሉ።

ልጆቹ ቃሉን ሲሰሙ ቀና አሉ።

ራውያ ወደ ቤት ገብታ ጥቂት ጎርበጥባጣ ወረቀቶች ይዛ ወጣች። ሐጂ ከጣሏቸው ቁርጥራጮች ሠርታ በወፍጮ ድንጋይ ተጭና ያደረቀቻቸው ናቸው፤ ባሚያ ታሰጣባቸዋለች። ዶክተሯ ባሚያ ያልነካውን መርጣ ጠብ አደረገችበት፤ አልጠቆረም። ውሃ ውስጥ ነክራ አጠፈችው፤ አልተላቀቀም።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ። የሚቀባልኝ ባል አላገኘሁም።»

ሐጂ ሳይቀሩ ሳቁ፤ ትንሽ ዘግየት ብለው።

ደንገሉ ሳይነቀል ቀረ፤ የዶክተሯ የወረቀት ትእዛዝም በራውያ ስም መጣ። አሁን ሐጂ ልጡን ይገፍፋሉ፣ እሷ ታነጥፋለች። ሲሰግዱ ስለ ማሳው አላህን ጮክ ብለው ያመሰግናሉ። ስለ ሚስታቸውም ያመሰግናሉ፤ እሱን ግን እሷ እንዳትሰማ ዝቅ አድርገው ነው።