የቦሰና ሁለት ዕድሜ

ቦሰና ሁለት ዕድሜ አላት፤ አንዱ እናቷ የምታውቀው፣ ሌላው መሥሪያ ቤቷ የሚያውቀው። ጳውሎስ አካባቢ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ አንሶላ አጣቢ ሆና ልትቀጠር ስትሄድ፣ የሚፈልጉት ወጣት ነው ስለተባለች ስድስት ዓመቷን ቀጨኔ ቤቷ ትታ ሄደች። ያኔ ዕድሜውን የማይቀንስ ማን ነበር? የምታሳድጋቸው ልጆች ነበሯትና ተቀጠረች።

የተቀነሰው ዓመት ግን ቆይቶ መጣባት። እውነተኛ ስልሳዋ ሲሞላ መዝገቡ ገና ነሽ አላት። ሥራዋን ብትተው ጡረታዋ የሚጀምረው በመዝገቡ ዕድሜ ነው፤ እስከዚያ ምን ትበላለች? ጉልበቷ ደግሞ መዝገብ አያነብም። ውሃ የጠጣ አንሶላ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ ጥርሷን ትነክሳለች።

አብሮ አደጓ ኢየሩ ዕድሜዋን ሳትደብቅ ተቀጥራ ስለነበር በጊዜዋ ጡረታ ወጥታ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ሁለቱ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ክርስትና የተነሱት በአንድ ቀን ነው። ኢየሩ ፍርድ ቤት ቀርቤ እውነተኛ ዕድሜሽን ልመስክርልሽ ብላ ለመነቻት። ቦሰና እምቢ አለች። ኢየሩም ግትር ብላ ሰደበቻት፤ ማንስ ቢሆን አይሰድባትም?

በማጠቢያ ክፍሉ የጡረታ ክርክር የሚነሳው ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር ነው። ወጣቷ ሮዳስ በሚቆረጥባት ትንገበገባለች። ገንዘቡን በእጄ ቢሰጡኝ አንድ ነገር እጀምርበት ነበር፣ ኑሮው እንዲህ እየናረ ስልሳ ሲሞላኝ ዳቦም አይገዛልኝም ትላለች። ውሸቷን አይደለም። ቦሰናም ጡረታው እንደሚያንስ አትክድም። ግን እጇ የገባው ብር ሁሉ ለኪራይ፣ ለደብተር፣ ለታመመ ሲሄድ ኖሯል፤ የተረፋት እጇ ያልገባው ብቻ ነው። ይህን ብላ የአንሶላውን ጫፍ ታስይዛታለች፤ አብረው ይጨምቃሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለች የመዝገቡ ስልሳ ላይ ደረሰች። በስንብቷ ቀን ስልሳ የሚል ኬክ ሲመጣ፣ ተጋብዛ የመጣችው ኢየሩ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ የቦሰናን እውነተኛ ዕድሜና ልመስክርልሽ ብላት እምቢ መባሏን ለሮዳስ ሹክ አለቻት። ሮዳስ ግን አልሳቀችም፤ ያንን ጉልበት ስታይ ነው የከረመችው።

«እትዬ ቦሰና፣ ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ነው የለፉት» አለች። «ምስክር እያለዎት ለምን ዝም አሉ?»

ቦሰና ኬኩን ልትቆርስ የያዘችውን ቢላ አስቀመጠች።

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለልጆቼ ስል ነው፣ አላፍርበትም። ግን ውሸቴን ሠርቼ ከፈልኩት። ከእንግዲህ ጡረታዬን ስቀበል አንገቴን አልደፋም።»

ኢየሩ ሳቋን አቆመች። ከወንበሯ ተነስታ የጓደኛዋን ክንድ ያዘች።

«እንግዲያው ተቀመጪ» አለቻት።

ቦሰና ተቀመጠች።