በሳጥኗ ላይ የተደረገው ዱዓ

ከውጫሌ ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በረዶ ያላት ሰማያዊ ሳጥን ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳጥኗን መታ መታ አደረጉና «ልጄ፣ ሰው ዓሣ ከሐይቅ ይገዛል እንጂ ወደ ሐይቅ ይዞ ይመጣል እንዴ?» አሉኝ።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ምን ልበል? የጤና ባለሙያ ነኝ። ሳጥኗ ውስጥ ያለው እግሯ በድንገት የዛለባት የአንዲት ሕፃን ሰገራ ነው፤ ፖሊዮ መሆን አለመሆኑ ሊመረመር የሚላክ። ሚኒባስ ውስጥ ይኼ እንዴት ይነገራል?

«ዓሣ አይደለም አባባ። ለታመመች ሕፃን ምርመራ የሚሄድ ነገር ነው።»

«ምን ሆና?»

«ቀኑን ስትሯሯጥ ውላ፣ ጠዋት መቆም አቃታት።»

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው «በሉ ዱዓ እናድርግላት» አሉ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። አንገታቸው ላይ መስቀል ያሰሩ እናት ሳይቀሩ እጃቸውን ወደ ሳጥኗ ዘረጉ፤ ዳስሰዋትም እጃቸውን ሳሙ። እኔም ሳቄን ውጬ ሰገራው ላይ «አሚን» አልኩ።

ደሴ ስንወርድ ሽማግሌው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሰገራዋ ነው አይደል?» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«መቆም አቃታት ስትል ገባኝ። የልጅ ልጄንም ሰገራ አምና እንዲሁ ወስዳችሁ ነበር። ፖሊዮ አይደለም አላችሁን፤ አልሐምዱሊላህ አልን። እግሩ ግን ዛሬም እንደዛለ ነው።»

ፖሊዮ ሳይሆኑ እግር የሚያዝሉ ሌሎች ቫይረሶች እንዳሉ ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ ሳጥኗን ዳሰስ አደረጓት።

«ያልሆነውንማ ነገራችሁን፤ የሆነውን መቼ ነው የምትነግሩን?»