ኑ ግቡ የሚሉ ፊደላት

አሰላ ውስጥ በምሠራበት ማተሚያ ቤት ዛሬ አንዲት ነርስ ለሕፃናት ክሊኒኳ ታፔላ ልታሠራ መጣች። ኮምፒውተሩ ላይ የፊደል ዓይነቶችን ሳሳያት፣ ጫፋቸው የዶለዶመ፣ ሆዳቸው ሞላ ያለ ፊደላት ጋ ስትደርስ፣ "እነዚህ ይሁኑልኝ! ራሳቸው ሕፃን ይመስላሉ" አለች።

ወዲያው የአባዬ ቀለምና ቤንዚን ሸተተኝ። አባዬ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። የአክስቴ ልጅ ጫልቱ ለትምህርት ከሲሬ መጥታ እኛ ጋ ስትኖር፣ ሁለታችንንም ሥራውን ያስተምረን ጀመር። የእኔ ፊደል ቀጥ ያለና ሹል ነበር፤ የእሷ ድቡልቡል። አንድ ቅዳሜ ለእሷ የመዋዕለ ሕፃናት ታፔላ ሰጣት፤ ለእኔ "ከውሻ ተጠንቀቁ" የሚጻፍበት ጣውላ ደረሰኝ።

"ለምን እኔ የውሻውን?" አልኩት።

"ልጄ፣ ፊደልም እንደ ሰው ፊት አለው። የእሷ ኑ ግቡ ይላል፤ ያንቺ ቁሙ ይላል። ሁለቱም ያስፈልጋል" አለኝ። ይህን ሲል ግን ዓይኑ ከእሷ ብሩሽ ላይ አልተነሳም።

ቀናሁባት። ጫልቱ፣ "ነይ፣ አብረን እንቀባው" ስትለኝ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ነርሷ ታፔላው ታትሞ ሲወጣ፣ "እጅሽ ይባረክ፣ እንዴት ያምራል!" አለችኝ። የኮምፒውተሩን ፊደላት የሠራውን ሰው አላውቀውም፤ ግን ቀናሁበት።